ከዲንቄ ራስ በላይ የነበረው መብራት

ማናለብሽ ባፈና ልደታ ተወልዳ ልደታ ያደገች ሴት ናት። አባቷ ባፈና ከሆሳዕና በኩል መጥቶ በአንድ መጋዘን ዘበኝነት የተቀጠረ ሰው ነበር። ሴት ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራ እንድትሆን አጥብቆ ይመኝ ስለነበር፣ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሰች የጽሕፈት መኪና ትምህርት አስገባት። ጣቶቿ ፈጣኖች ነበሩ። ገና በልጅነቷ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው ነበረች፤ አለቆች ሲታሰሩና በሌላ ሲተኩም ከወንበሯ አልተነሣችም። የአውቶቡስ መካኒክ የሆነውን ነገሪን አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ሰፈር ውስጥ ስሟ ሲነሣ "ሥራ ወዳድ ናት" ይባላል። ይህን ምስጋና ትወደዋለች፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ትወደው ነበር።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተከብሮ ባለቀ ሰሞን፣ ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር መሥሪያ ቤቱ ገባ። ከታይፒስቶቹ መካከል ቀልጣፋዎቹ ተመርጠው ሥልጠና ተሰጣቸውና ማናለብሽ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ሥራው ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን የመጋዘን ዕቃ ቁጥር ማስገባት ነው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን በመሰለ ስክሪን ፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ቁጥር እየተከታተለ ይወርዳል።

የተሰጣቸው ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ነው። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ታርፍና ቁጥሩን ታጠፋዋለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ። ማናለብሽ መላ ፈለገች። ለበዓሉ የተገዛ ቀይ ጨርቅ ተርፎ ግምጃ ቤት ተቆልሎ ነበርና፣ ከዚያ አስቆርጣ መስኮቶቹን ከላይ እስከ ታች በምስማር አስመታች። የመምሪያው ኃላፊ ጓድ ሸዋንግዛው ሊጎበኝ መጥቶ ሲያይ እጁን አጨበጨበ።

"ይኼ ነው አብዮታዊ ብልሃት! ጓድ ማናለብሽ፣ ከዚህ ክፍል ብዙ እንጠብቃለን" አላት።

ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሆነ። ከጣሪያው ላይ ረጃጅም ፍሎረሰንት መብራቶች ያበራሉ፤ ያንን ነጭ ብርሃን ሲያዩት የሰው ፊት እንኳ የበሽተኛ ይመስላል። ማታ ሴቶቹ ሲወጡ ዓይናቸውን እያሻሹ ነው። አንዷማ የተጠራቀመውን ውሃ እየዘለለች "ዛሬ ዝናብ ጥሎ ነበር እንዴ?" ብላ ዘበኛውን ስትጠይቀው ሁሉም ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነበር የዋለው።

ማናለብሽ ራሷም ደህና አልነበረችም። ቤቷ ገብታ ስትተኛ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አረንጓዴው ቁጥር ይወርድባታል። እንቅልፍ ይሸሻታል። ልጆቿ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ ትቆጣለች፤ ድምፁ ሳይሆን የብርሃኑ መንቀጥቀጥ ራሷን ይወጋዋል። ነገሪ "ምን ሆነሻል?" ሲላት "ድካም ነው፣ ይለቀኛል" ትላለች። ሁሉም እንደዚያው ይደክማል ብላ ታምን ነበር። ድካም ደግሞ የሥራ ምልክት ነው፤ ሥራ ወዳድ ሰው እንዴት ደከመኝ ብሎ ያማርራል?

ከሴቶቹ መካከል ዲንቄ ኩማ የምትባል ልጅ ነበረች። ከአምቦ መጥታ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። ሳቂታ ናት፤ ፈጣንም ናት፤ ከማናለብሽ ቀጥሎ እንደሷ ጣቱ የሚሮጥ አልነበረም። ለልጃቸው ሊያጯት የሚፈልጉ ሰዎች ሽማግሌ ልከው ነገሩ ወደ ማለቁ ነበር። ወንበሯ ማዕዘኑ ላይ ሲሆን፣ ከራሷ በላይ ያለው ፍሎረሰንት አልፎ አልፎ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ።

"እትዬ ማናለብሽ፣ ይቺ መብራት አስቸገረችኝ" አለቻት አንድ ቀን። "ብልጭ ድርግም ስትል ስክሪኑም አብሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ከዚያ ራሴ ባዶ ይሆንብኛል።"

"ባዶ ማለት?"

"እንጃ። ለአፍታ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ቆይቶ ይመለስልኛል።"

ማናለብሽ ቀና ብላ መብራቱን አየችው። "ማስነሻው፣ ስታርተሩ ነው የተበላሸው። ለንብረት ክፍል እነግርልሻለሁ" አለች። ነገረችም። ንብረት ክፍል ግን ስታርተር የለም፣ ግዢ እስኪፈቀድ ጠብቁ አላት። ያን ሰሞን በክፍሎች መካከል የሥራ ውድድር ነበረና የሚያሸንፈው ክፍል ስሙ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይነበባል። መብራቱ ቢወልቅ ማዕዘኑ ይጨልማል፣ የዲንቄም ስክሪን ሥራ ይፈታል። ማናለብሽ ይህን አሰበችና "እስከዚያ ቻይው" አለቻት።

ዲንቄ ጥቂት ቀን ቻለች። ከዚያ ደግሞ ተነሥታ መስኮቱን እያሳየች "እትዬ፣ ጨርቁን ከዚህ ጥግ ትንሽ ገለጥ ላድርገው? ብርሃን ባገኝ መብራቱን አጥፍቼ እሠራለሁ" አለች።

"ኧረ ተይ! የበዓል ጨርቅ ቀዳደዱ ሊባልብን ነው?"

ሌሎቹ ሴቶች ቀና ብለው አዩና መልሰው ወደ ስክሪናቸው አቀረቀሩ።

ይህም አልሆን ሲላት ዲንቄ ውጭ መውጣት ጀመረች። ደረጃው ላይ ቆማ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ትቆይና ትመለሳለች። አንድ ቀን ሸዋንግዛው ሲያልፍ አያትና ማናለብሽን ቢሮው አስጠራት።

"ያቺ ልጅ በሥራ ሰዓት ደጅ ምን ትሠራለች?"

"ራሴን አመመኝ ትላለች፣ ጓድ ሸዋንግዛው።"

"በየቀኑ? ተጠንቀቂ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም አሻጥር ይባላል። የሚጠየቀው ደግሞ ኃላፊው ነው።"

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ዘመን ምን እንደሚያስከትል ማናለብሽ አሳምራ ታውቃለች። ቃሉ ከተለጠፈባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። በወሩ መጨረሻ ሠራተኛው ለሂስና ግለ ሂስ ሲሰበሰብ፣ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አነሣች።

"ጓድ ዲንቄ ኩማ ላይ ሂስ አለኝ" አለች። "በሥራ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆማ ትገኛለች። መብራት አመመኝ፣ ዓይኔን አመመኝ ማለት ታበዛለች። ሌሎቻችን የምንሠራው በዚሁ መብራት ነው።"

ዲንቄ ተነሣች። ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። "ሂሱን ተቀብያለሁ" ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መብራቱ አንድም ቃል አልወጣትም፤ ደረጃውም ላይ አልታየችም። የክፍሉ ሥራ ጨመረ። ማናለብሽም ነገሩ ተስተካከለ ብላ ዕፎይ አለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አቀርቅረው ሲሠሩ ከማዕዘኑ በኩል የወንበር መውደቅ ተሰማ። ዲንቄ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ሰውነቷ ግትር ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ተገልብጧል፣ በአፏ አረፋ ይወጣል። አንዷ ጮኸች፤ ሌላዋ ክብሪት ጭራ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እንዳለች የምትባለው ባልደረባቸው "አትንኳት! ለሐጩ ከነካ ይይዛል!" ብላ ስትጮህ ሁሉም ወደ ግድግዳው ሸሹ።

ማናለብሽም ሸሸች። አብራቸው ወደ ኋላ አለች። በኋላ ስታስበው ከሁሉ ነገር የሚያቃጥላት ያ ነው፤ ልጅቱን ብቻዋን ወለሉ ላይ ትተው ዙሪያውን ቆመው ያዩ ነበር፤ ከላይ ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መንቀጥቀጡ ሲያቆምና ዲንቄ እንደሚያንኮራፋ ሰው መተንፈስ ስትጀምር ነው ማናለብሽ ቀርባ ራሷን ጭኗ ላይ ያስደገፈችው። ዘበኛው መኪና አስመጥቶ ወደ አክስቷ ቤት ወሰዷት።

በማግሥቱ እንዳለች የዲንቄን የሻይ ኩባያ በወረቀት ይዛ አውጥታ ጣለችው። ማናለብሽ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያን ዕለት ራት ላይ ለነገሪ ነገሩን ሁሉ አጫወተችው። እሱ እየጎረሰ ሰማና "ስለ መብራቱ ነግራሽ ነበር?" አላት።

"ነግራኝ ነበር።"

"እና ለምን አላጠፋሽውም?"

ማናለብሽ አፏን ከፈተች። የምትመልሰው ሞልቶ ነበር፤ ንብረት ክፍሉ፣ ውድድሩ፣ ሸዋንግዛው፣ አሻጥር የሚለው ቃል። ተነሥታ ውሃ ልትቀዳለት ሄደች። ነገሪ እንደገና አልጠየቃትም። እሷ ግን ጥያቄው አልለቀቃትም፤ ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ልደታ ቅዳሴ ቆማ ሳለች ሁሉ ይመጣባት ጀመር። ለምን አላጠፋሽውም?

በሳምንቱ ብርቱካን ገዝታ ተክለ ሃይማኖት ሄደች። የዲንቄ አክስት በር ላይ ተቀበለቻት። ጠበል እየወሰደቻት እንደሆነ፣ ሽማግሌ የላኩት ሰዎችም ወሬውን ሰምተው እንደቀሩ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። "ልጄን ለከፏት" አለች፤ "እዚያ ቢሮ ሰው በክፉ ዓይን አይቷት ነው።" ማናለብሽ ወለል ወለሉን አየች። ዲንቄ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታ፣ ሳቋ ጠፍቶ። ስታያት ለመነሣት ሞከረች።

"አይ ተቀመጪ፣ አትነሺ" አለቻት ማናለብሽ። "ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪምም እንይ። እኔ እወስድሻለሁ።"

አክስቲቱ ጥቂት ካንገራገረች በኋላ ተስማማችና ማናለብሽ ዲንቄን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ዶክተር ዓባይነህ የሚባል፣ ጠጉሩ የሸበተና ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ማናለብሽን "እርስዎ ምኗ ነዎት?" ሲላት "አብሬያት የምሠራ ነኝ" አለች። ኃላፊዋ ነኝ ማለት አልቻለችም።

ሐኪሙ ዲንቄን ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ዘመዶቿ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቃት። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀ።

"ከመውደቅሽ በፊት ምን እያየሽ ነበር?"

"ስክሪን። ከላዬ ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር።"

"ቀድሞም ይረብሽሽ ነበር?"

"አዎ። ራሴ ባዶ ይሆንብኝ ነበር።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አንዳንድ ሰው አንጎሉ ለሚብለጨለጭ ብርሃን ስስ እንደሆነ አስረዳቸው። ብዙው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ጥቂቱ ግን እንዲህ ይወድቃል። እንቅልፍ ማጣትና ድካም ሲጨመርበት ይብሳል። "ጋኔን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለሐጭ ነካኝ ብሎ የሚሸሽ ካለ በከንቱ ነው የሚሸሸው" አለ። መድኃኒት ጻፈላትና፣ ድንገት የሚብለጨለጭ ነገር ሲገጥማት አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ፊቷን እንድታዞር አሳያት። ከዚያ ጥቂት አሰበና ጠየቃት።

"ግን ይህን ያህል ሲረብሽሽ ለአለቃሽ አልነገርሽም?"

ዲንቄ መሬት መሬቱን እያየች "አልነገርኩም" አለች።

"መንገር ነበረብሽ። አንድ መብራት ማጥፋት ምን ያህል ከባድ ነው?" አለ ሐኪሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ ማናለብሽ ልጅቱ አዝናልኝ ሸፈነችኝ ብላ አሰበች፤ ደግነቷ ከስድብ በላይ ከበዳት።

በማግሥቱ ማንንም ሳታስፈቅድ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ያንን ፍሎረሰንት አዙራ አወለቀችው። ከዘበኛው መዶሻ ተውሳ የመስኮቱን ምስማር መንቀል ጀመረች። ሴቶቹ መጀመሪያ ፈርተው አዩዋት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ አገዟት። ጨርቁ ሲወርድ አቧራው ቦነነና ሁሉም አስነጠሱ። ሸዋንግዛው ጫጫታውን ሰምቶ መጣ።

"ይኼን ማን ፈቀደ?"

"ሐኪም ነው ያለው" አለች ማናለብሽ መዶሻውን እንደያዘች። "ሰው ታሞብናል፣ ጓድ ሸዋንግዛው። ሌላ ሰው ከወደቀ ተጠያቂው ሁላችንም ነን።"

ተጠያቂ የሚለው ቃል እሱንም አስፈራው። "እሺ፤ ጨርቁ ግን በክብር ይታጠፍ" ብሎ ሄደ።

ጠረጴዛዎቹን አዙረው መስኮቱ ከጎናቸው እንዲሆን አደረጉ፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ብቻ የሚዘጋ ስስ መጋረጃ ተሰቀለ። ማናለብሽ ጠዋትም ከሰዓትም ሴቶቹን ለጥቂት ጊዜ ግቢ ታስወጣቸዋለች፤ ከዛፉ ሥር ቆመው ሩቅ ሩቅ ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። ራስ ምታቱ ቀነሰ። ሥራው አልቀነሰም። ማናለብሽም መተኛት ጀመረች፤ አረንጓዴው ቁጥር ከዓይኗ ጠፋ። መዳኗ ግን ደስ አላሰኛትም። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር! የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከባድ ቢሆን ኖሮ ለራሷ የምትለው አይጠፋም ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታ ሂሴን አንሥቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል ወስና ሄደች። ተራዋ ሲደርስ ቆመች። ሸዋንግዛው ያያታል፣ ሌሎቹም ያዩዋታል። "በክፍላችን በመብራት በኩል ጉድለት ታይቶ ነበር፤ አሁን ታርሟል" አለች። እኔ የሚለው ቃል አልወጣም። ሸዋንግዛው ጉድለትን በራስ አነሣሽነት ያረመች ምሳሌ የምትሆን ሠራተኛ ብሎ አመሰገናትና አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበላት። ማናለብሽ ጭብጨባው እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ቆየች።

ዲንቄ መድኃኒቱ ተስማምቷት ሥራ ስትጀምር መዝገብ ቤት ተዛወረች። ሁለተኛ አልወደቀችም። ሰው ግን አልቀረባትም፤ ሻይ ክበብ ስትገባ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ማናለብሽ ሄዳ አጠገቧ ትቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እያየ የዲንቄን ኩባያ አንሥታ ሻዩን ፉት አለችላት። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ሴቶች ቀረቡ። እንዳለችም ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣች። ዲንቄ ግን ማናለብሽን ስታናግር ያው አንገቷን ሰብራ "አዎ እትዬ፣ እሺ እትዬ" ነው።

ዓመት እንዳለፈ ዲንቄ አምቦ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ አገኘች። የመጨረሻ ቀኗ ዕለት ማናለብሽ እስከ ታክሲው ልሸኝሽ ብላ አብራት ወጣች። መንገድ ላይ ቆም አደረገቻት።

"ዲንቄ፣ ነግረሽኝ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ከሰስኩሽ። ሐኪሙ ጋ ደግሞ ሸፈንሽኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር በይኝ።"

ዲንቄ ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"እትዬ፣ አልሸፈንኩዎትም" አለች። "ፈርቼዎት ነው። ነግሬያት ነበር እንዳልል አብረው ቁጭ ብለዋል፤ ነገ ሥራ ስገባ ምን ሊያደርጉኝ ነው ብዬ ነው።"

"ይቅርታውንስ ይቅር ብያለሁ" አለች ዲንቄ፤ "ግን ሻዬን ሲጠጡልኝ ሰው ሁሉ ደግ ናት አለ። እኔ ያን ጊዜ የፈለግሁት ቀድሞ ስነግርዎት እንዲያምኑኝ ነበር።" ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሳመቻትና ታክሲው ውስጥ ገባች።

ማናለብሽ ያን ዕለት ቤቷ የገባችው በእግሯ ነው። ለነገሪ ምንም አልነገረችውም። ዲንቄ አምቦ አንድ መምህር አግብታ ልጅ መውለዷን ቆይታ ከአክስቷ ሰማች፤ ደስ አላት፤ ውስጥዋ የተቀመጠው ነገር ግን በዚያ አልተነሣም።

እስከ ደርግ መጨረሻ እዚያው ክፍል ሠራች። አዲስ የሚገቡትን ልጆች ትንሽ ታሰለቻቸው ነበር። ሲቀጠሩ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ስክሪኑ ተመችቷቸው እንደሆነ ትጠይቃለች። "ደህና ነው" ሲሏት አታምንም፤ ብቻቸውን ስታገኛቸው ደግማ ትጠይቃለች፣ በሌላ ቀንም ትመለስበታለች። አንዷ ተሰላችታ "እትዬ፣ ደህና ነው አልኩዎት እኮ!" አለቻት።

"ሰማሁሽ" አለች ማናለብሽ። "ያልሽኝ ግን አለቃሽ ስለሆንኩ እንዳይሆን ፈርቼ ነው። እስኪ ነገ ደግሞ እንነጋገራለን።"